«የበረሃ እንስሳ ነው፣ ውሃ አይፈልግም»

ሻምበልን ያገኘሁት እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ቤት ከሚቀይር ጎረቤቴ ነው። ሰልካታ የሚባለው የኤሊ ዘር ነው፤ ከሰሃራ በረሃ ሥር ባለው ደረቅ ምድር፣ በሳህል አድርጎ እስከ እኛ አገር ድረስ ይኖራል፣ ስለዚህ የአገሬ ልጅ ብዬ ተቀበልኩት። ያኔ መዳፌ ላይ ነበር የሚቀመጠው። (ሲያድግ 45 ኪሎ ሊደርስ እንደሚችል የነገረኝ የለም። እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ጎረቤቴ «የበረሃ እንስሳ ነው፣ ውሃ አይፈልግም» አለኝ። አመንኩት። ሰላጣ እሰጠዋለሁ፣ ከላይ የማሞቂያ አምፖል አለው፣ ኤሲው ቀን ከሌት ይሠራል። በቃ። ሦስት ወር ሳይሞላ ዓይኑ ጎደጎደ፣ መብላትም ቀነሰ። አንድ ቀን ከሽንቱ ጋር የሚወጣውን ነጭ ነገር በሶፍት ስጠርገው እንደ አሸዋ ኮረኮረኝ።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ይዤው ሮጥኩ። ነጩ ነገር ጤነኛ ኤሊም ላይ አለ፣ ግን እንደ ጥርስ ሳሙና ለስለስ ማለት አለበት፤ ከጠጠረ ውሃ አጥሮታል ማለት ነው፣ ከቆየ ደግሞ ፊኛው ውስጥ ድንጋይ ሊሠራና ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል አለችኝ። ለካ በረሃ ላይም ሐሩሩን የሚያሳልፈው ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ፣ እርጥበት ባለበት ነው። እኔ አምፖል ሥር አስጥቼ እንደ ቋንጣ አደረቅኩት።

በዚያው ማታ ሳፋ አወጣሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ በክርኔ ለክቼ፣ ከአገጩ እንዳያልፍ። መጀመሪያ ሊወጣ ግድግዳውን ቧጠጠ። ከዚያ ዝም አለ። ፊቱን እስከ ዓይኑ ነከረና ጉሮሮው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ቀና አላለም። ሲጨርስ እዚያው ተጸዳዳበት፤ ሐኪሟ ጥሩ ምልክት ነው ስላለችኝ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

እናቴ በቪዲዮ አይታኝ «አንተ! ኤሊ ገላ ታጥባለህ? ሥራ ፈት!» ብላ ሳቀችብኝ።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ለ20 ደቂቃ ያህል ነበር፣ አሁን በሳምንት ሦስቴ። ሳፋው የሱ ብቻ ነው፣ ኤሊ ሳልሞኔላ ስለሚይዝ ኩሽና አይገባም፣ እጄንም በሳሙና እታጠባለሁ። ከዚህ በፊት ያደረግኩት ሁሉ ልፋት ብቻ ነበር። በስፕሬይ ጀርባውን አርስ ነበር፤ ጀርባው አይጠጣ ነገር። የውሃ ሳህኑም ጥልቅ ስለሆነ አንገቱ አይደርስለትም ነበር፤ አሁን የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ ዝርግ ሳህን አፈር ውስጥ እስከ አፉ ቀብሬለታለሁ። ለመኝታው እርጥብ የኮኮናት ገለባ ያለበት ሳጥን አለው፣ ግን ሞቅ ያለ መሆን አለበት፤ ቅዝቃዜና እርጥበት አንድ ላይ ሳንባውን ይጎዱታል። ከሜክሲኮዎቹ ሱቅ ደግሞ የበለስ ቅጠል እገዛለታለሁ፣ እሾሁን አንስቼ። ውሃ ያዘለ ምግብ ነው፣ ሲበላው አፉ በአረንጓዴ ልጋግ ይሞላል።

የጀርባው ጉብታ ግን አልጠፋም። ውሃ አጥሮት በደረቀበት ጊዜ የበቀለው ቅርፊት እንደ ተራራ ተቆልሎ ቀርቷል። በዙሪያው የመጣው አዲሱ መስመር ለጥ ያለ ነው፣ በጣቴ ስዳብሰው ድንበሩ ይታወቀኛል።