ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሮ ዳርቻ

እኛ ቤት ወንዝ ከተባለ ዓባይ ነው። አጎቴ ብቻ፣ በወጣትነታቸው ጋምቤላ አራት ዓመት ስላስተማሩ፣ የዓባይ ወሬ በተነሣ ቁጥር «ባሮንም አትርሱት» ይሉን ነበር። ባለፈው ጥቅምት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ለመሄድ ስሰናዳ ጋቢዬን ስጠቀልል አይተው፣ «ጋቢው አዲስ አበባ ያገለግልሃል፤ ጎሬን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ግን ይከብድሃል» አሉኝ። «እሺ፣ አያ» ብዬ እናቴ ደስ እንዲላት ያዝኩት።

ከአዲስ አበባ በመቱና በጎሬ በኩል ያለው መንገድ ረጅም ነው። ከጎሬ በኋላ ቡሬ የምትባል ከተማ አለች፤ የእኛን ቡሬ ለሚያውቅ ጎጃሜ ስሙን በዚያ ሁሉ ደን መካከል መስማት የሚያስደስት ነገር አለው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተጠማዝዞ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ መስኮት ሁሉ ይከፈታል፣ ሹራብ ሁሉ ይወልቃል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ጋምቤላ ከ500 ሜትር ብዙም አትዘልም።

ባሮን ያየሁት በማግስቱ ማለዳ ነው። ክረምቱ ካለፈ ጥቂት ሳምንት ቢሆነውም ውኃው ገና ሰፊና ደፍራሳ ነበር። በዳርቻው ካሉት የማንጎ ዛፎች ሥር ሴቶች ዓሣ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ከወዲያ ማዶ አንድ ወጣት ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ጠባብ ጀልባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በረጅም እንጨት ወንዙን እየገፋ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ውስጥ ሳያስገባ ተሻገረ። አኙዋኮች ወንዙን ኦፔኖ ይሉታል። ወደ ታች ወርዶ ራሱ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ድንበር ይሆናል፤ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ተብሎ ነጭ ዓባይን ይቀላቀልና ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከሰከላ የመነጨው ውኃና እዚህ ፊቴ የሚያልፈው ውኃ በመጨረሻ አንድ ናቸው ማለት ነው።

ሁለቱን ወንዞች ያገናኘው ግን ተፈጥሮ ብቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙትን የድንበር ውል ትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል፤ የተማርነው ግን ሦስተኛውን አንቀጽ ብቻ ነው። በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚለውን ማለቴ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ቀጥሎ የሚመጣው አራተኛው አንቀጽ ደግሞ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት ለእንግሊዝ ይፈቅዳል፤ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውልም ይከለክላል። ጣቢያው በኋላ የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። የጎጃም ተማሪ ሦስተኛውን አንቀጽ አጥንቶ አራተኛውን ሳያውቅ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አንደኛው የእኛን ወንዝ ሲያስር ሌላኛው የባሮን በር ለንግድ ከፍቷል።

በእርግጥም ባሮ መንገድ ነበር። ዓባይ በእኛ በኩል ገደል ሰንጥቆ ስለሚወርድ ከጣና በታች መርከብ አያውቅም፤ ባሮ ግን ክረምት ገብቶ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ድረስ ይዘልቁበት ነበር። ከጎሬ በኩል ቡና በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከመርከቡ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል፣ ውኃው ሲጎድል ሁሉም የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ውሉ ጣቢያውን የፈቀደው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ስለነበር፣ አገሪቱ በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ዘመኑ አበቃና ጋምቤላ በተከታዩ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች።

በዳርቻው ረጅም ሰዓት ተመላለስኩ። እኔ በሄድኩበት በኩል ይህንን ታሪክ ለመንገደኛ የሚናገር አንዲት ጽሑፍ አላገኘሁም፤ ይህም አሳዝኖኛል። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ሁሉ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ቆሞ እንደሚያየው፣ ጋምቤላ የሄደም ሰው መርከቦቹ የት ይቆሙ እንደነበር ጠይቆ ሊያይ ይገባዋል።

ስመለስ አጎቴ ቤታችን ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ስለ ከተማው ከመጠየቃቸው በፊት «ሞልቶ ነበር?» አሉኝ።

«ሊጎድል ነው፣ አያ፤ ገና ግን ሰፊ ነው።»

የዚያን ጀልበኛ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ፣ «አየሽ፣ ቆሞ ነው የሚሄደው፤ የጣና ሰው ታንኳውን ተቀምጦ ነው የሚቀዝፈው» አሉና ስልኩን ለእናቴ አቀበሏት።