ስልክ ቁጥሬን ከአካውንቶቼ ለምን አነሳሁ

ኮምፒውተሬን ለመጠበቅ ካደረግኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ቀላል ነበሩ፤ ቶሎ ልለፋቸው። አፕዴት በራሱ እንዲጫን አደረግኩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ 2 ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የላፕቶፑን ዲስክ ኢንክሪፕት አደረግኩ። ሌባ ቢወስደው ዕቃውን እንጂ ፋይሌን አያገኝም። የፋይሎቼን ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ ነቀልኩት፤ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕን እንዲህ ያለ ቫይረስ አብሮ ይቆልፈዋል።

ፓስወርዶቼን ደግሞ ፓስወርድ ማኔጀር ውስጥ አስገባሁ። ለእያንዳንዱ አካውንት የተለያየ፣ ረጅም። ብዙ መሥሪያ ቤት “በየ3 ወሩ ቀይሩ” ይላል። እኔ አልቀይርም። ሰው ሲገደድ የድሮውን ይይዝና መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ይጨምርበታል፣ አለቀ። ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ፓስወርዱ መውጣቱን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ሰውን በየጊዜው ቀይር ብላችሁ አታስገድዱ ብሏል።

መከራዬን ያየሁት በስልክ ቁጥር ነው።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን፣ ሳበራ ሁሉም አካውንት ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ። መመሪያው ስጡ ይላል፣ ሰጠሁ። ከዚያ ስልኬ ተሰረቀ።

አዲስ ስልክ ገዝቼ ኢሜይሌን ልከፍት ስል “ኮድ ልከንልዎታል” አለኝ። የተላከው ሌባው እጅ ላለው ሲም ነው። ወደ ስልክ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሮጥኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ በትህትና ሰማችኝና “ማረጋገጫ ኮድ በቁጥርዎ ልኬያለሁ፣ ያንብቡልኝ” አለችኝ። ስልኩ እኮ ተሰርቋል አልኳት። “ገብቶኛል፤ ግን ሲስተሙ ያለ ኮድ አያሳልፈኝም።” ታዲያ ስልኩ የጠፋበት ሰው ኮዱን ከየት ያምጣው? ኃላፊ ይጠራልኝ አልኩ። ኃላፊው መጣ፣ ስክሪኑን አየ፣ ያንኑ ደገመልኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሲም የሚተካው ስልክ ለጠፋበት ሰው መሆኑን ያ ሁሉ ሰው እንዴት አላሰበውም?

ሌላ ቅርንጫፍ ሄድኩ። እዚያ የነበረው ልጅ መታወቂያዬን ተቀበለኝ። ፎቶውን ከፊቴ ጋር ለማስተያየት ቀና እንኳ አላለም። ስሜን ከስክሪኑ ጋር አመሳከረ፣ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ፣ አዲሱን ሲም ከፕላስቲኩ ላይ ላጥ አድርጎ ሰጠኝ። ከበሩ ሳልወጣ ኮዶቹ መግባት ጀመሩ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። በስሜ የተሠራ ሐሰተኛ መታወቂያ የያዘ ማንም ሰው ያንን ሲም ይወስደው ነበር። ከሲሙ ጋር ኢሜይሌን፣ ከኢሜይሌ ጋር የቀረውን ሁሉ፤ “ፓስወርድ ረሳሁ” ሲባል ሊንኩ የሚመጣው ኢሜይል ላይ ነዋ። እኔን ባለቤቱን የከለከለ ድርጅት ለሌባ በሩን ከፍቶ ተቀምጧል። ይህ ዘዴ ሲም ስዋፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የትዊተር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው የጃክ ዶርሲ የራሱ የትዊተር አካውንት የተጠለፈው ቁጥሩ በሌሎች እጅ ገብቶ ነው።

ስለዚህ ቁጥሬን አነሳሁ። አሁን የምጠቀመው ኮድ የሚያመነጭ አፕ ነው። መጀመሪያ ላይ ኪውአር ኮድ ስካን ሲደረግ አንድ ምስጢር ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ አፑ ከዚያ ምስጢርና ከሰዓቱ ተነስቶ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ያወጣል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ሲምም አይፈልግም። የትኛውም ቅርንጫፍ ለሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም።

ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ። መጀመሪያ አፑን አስገቡ። ቀጥሎ አካውንቱ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጻፉ። አዎ፣ ወረቀት ላይ። “ምስጢር በወረቀት አይጻፍም” የሚሏችሁን አትስሙ፤ ባሕር ማዶ ያለ ሌባ መሳቢያችሁን አይከፍትም። ስልኩ ከጠፋ አፑም አብሮ ስለሚጠፋ፣ የሚያስገባችሁ ያ ወረቀት ነው። ከዚያ በሌላ ብራውዘር ገብታችሁ መሥራቱን እዩ። ቁጥሩን የምታነሱት መጨረሻ ላይ ነው። ካነሳችሁት በኋላ “ስልክ ቁጥር ያክሉ” እያለ ይወተውታችኋል፤ እለፉት።

ከኤስኤምኤስ ሌላ አማራጭ የማይሰጡ አገልግሎቶች አሉ። ለእነሱ ስል ሲሙ ላይ ፒን አድርጌያለሁ፤ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። ሌባ ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ ቢከተው ፒኑን ይጠይቀዋል፣ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል። መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ አያስቆመውም። ለተሰረቀ ስልክ ግን ይሠራል።