ለአየር የሚከፈል የመላኪያ ሒሳብ

ባሕር ዳር ሆኖ የስፖርት ዕቃ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ለሚያዝ ሰው፣ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የሚያንገበግበው መላኪያው ነው። ብዙ ሰው ርቀቱን ይወቅሳል። በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገትም አለበት። መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ ዋጋው እንደሚሰቀልም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡን ዘርዝሬ ሳየው፣ ገንዘቡን የሚበላው ብዙ ጊዜ ዕቃው የሚይዘው ቦታ ነው። ርቀቱን ማሳጠር አይቻልም፤ ቦታውን ግን ማሳነስ ይቻላል።

ኳስን ልውሰድ። አምስት ቁጥር የእግር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ተነፍቶ ሲታሸግ በየጎኑ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ይፈልጋል። ከውጭ በአየር የሚያመጡ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው አብዛኛውን ጊዜ ለ5000 ያካፍላሉ። ከዚያ ይህን ቁጥርና ሚዛኑ ያሳየውን ኪሎ አስተያይተው በትልቁ ያስከፍላሉ። 23 በ23 በ23 ሲባዛ 12,167 ነው፤ ለ5000 ሲካፈል 2.4 ይመጣል። ግማሽ ኪሎ ያልሞላው ኳስ የሁለት ኪሎ ተኩል ተከፈለበት ማለት ነው። አሥር ኳስ ከሆነ 24 ኪሎ ይደርሳል። አሥሩ ኳስ ተንፍሶ፣ አንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አንዱ በሌላው ውስጥ ሲደረደር ግን 40 በ30 በ30 በሆነ ካርቶን ይገባል። ያ 7.2 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አየር ነው።

የአውቶቡስ ረዳት ለ5000 አያካፍልም፤ በዓይኑ ለክቶ ዋጋ ይጠራል። የሚያየው ግን ያንኑ ነው፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ስንት ቦታ ይይዛል? ለዚህ ነው ለስላሳ ዕቃ፣ ማለትም መረብ፣ ማሊያ፣ የተነፈሰ ኳስ፣ ከካርቶን ይልቅ በማዳበሪያ ቢታሰር የምመርጠው። ማዳበሪያ በሌሎች ጭነቶች መሐል ይሸጎጣል፤ ካርቶን የራሱን ቦታ ይፈልጋል፣ ከላዩ ሲጫንበትም ይጨፈለቃል። በክረምት ማዳበሪያው ውስጥ ወፍራም ፕላስቲክ ይግባ። ሰኔ ላይ ጣሪያ ላይ የተጫነ ካርቶን ሲወርድ ታቹ ተበጥሶ ዕቃው ይፈሳል።

ሻጩ ኳሱን ሲያስተነፍስ መርፌውን በውኃ ወይም በግሊሰሪን ማርጠብ አለበት። ደረቅ መርፌ የቫልቩን ላስቲክ ይሰነጥቀዋል፤ ኳሱም ከዚያ በኋላ አየር አይዝም። ስፌቱ ላይ ስል እጥፋት እንዳይወጣ በክብ ይታጠፍ እንጂ እንደ ጨርቅ አይተጣጠፍ። ኳሱ ባሕር ዳር ሲደርስ ብዙ ሰው ለማስነፋት ጎሚስታ ጋ ይወስደዋል፤ ጉዳት የሚደርሰውም እዚያ ነው። ለኳስ ከ0.6 እስከ 0.8 ባር የአየር ግፊት፣ በፒኤስአይ ከ9 እስከ 12 ያህል ይበቃል። የመኪና ጎማ ወደ 30 ፒኤስአይ ስለሚፈልግ የጎሚስታው እጅ የለመደው ያንን ነው። መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ማስነፋት፣ ቅርጹ እስኪመለስ ጥቂት መተው፣ ከዚያ በእጅ ፓምፕ መጨረስ ይሻላል። አንድ ፓምፕና አምስት ስድስት መርፌ ከኳሱ ጋር አብሮ ይታዘዝ፤ ምንም ቦታ አይዙም።

ከውጭ ለሚያዝ ዕቃ ሌላም ነገር አለ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ይደመሩበታል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱም ቀረጡ በተደመረበት ላይ ይመጣል። ስለዚህ በመላኪያ ላይ የወጣች እያንዳንዷ ብር ራሷ ታክስ ትወልዳለች። አነስተኛ ዋጋ ያለው ግን ሰፊ ካርቶን የሚይዝ ዕቃ ከውጭ ማዘዝ ፈጽሞ አያዋጣም የምለው ለዚህ ነው።

አንዳንዱን ደግሞ ጭራሽ አለማዘዝ ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ 274 በ152.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ታጥፎም ቢሆን አልጋ ያህላል። ራኬቱ፣ ኳሱና መረቡ ይታዘዙ፤ ጠረጴዛውን የባሕር ዳር አናጢ ይሥራው። ቁመቱ 76፣ መረቡ 15.25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ችግር የሚመጣው ከቦርዱ ነው። 122 በ244 የሆነ ቦርድ 137 በ152.5 የሆነውን ግማሽ ጠረጴዛ ያለ መጋጠሚያ አያወጣም፤ መጋጠሚያው ላይ ደግሞ ኳሱ ይሞታል። ሰፋ ያለ ቦርድ መፈለግ፣ ካልተገኘም መጋጠሚያውን ከሥር በእንጨት አጥብቆ ማጣበቅ ያስፈልጋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ኳሱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሲለቀቅ ወደ 23 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለበት፤ በሁሉም የጠረጴዛው ክፍል እኩል።

የመረብ ኳስ ቋሚም እንደዚሁ ነው። ስድስት ሜትር የብረት ቱቦ ለሁለት ሲቆረጥ ሦስት ሦስት ሜትር ይወጣዋል፤ 45 ሴንቲ ሜትሩ በኮንክሪት ይቀበራል፣ 2.55 ሜትሩ ከላይ ይቀራል። የመረቡ አናት ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ላይ ስለሚታሰር ሁለቱንም መንጠቆ ብየዳ ቤቱ አንዴ ይጨርሰው። ከአዲስ አበባ መምጣት ያለበት መረቡ ብቻ ነው።

ብረት ማንሻ ቦታ አይዝም፤ እሱን የሚያስወድደው ኪሎው ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትርና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዲስክ 10 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ይህንን ቶርኖ ቤት እዚሁ ይቆርጠዋል። ብረት ከአዲስ አበባ አስጭኖ ማምጣት፣ እዚህም ለሚሸጠው ብረት ሁለተኛ ኪራይ መክፈል ነው።

ጫማ ግን በጥንቃቄ ይታዘዝ፤ የተሳሳተ ቁጥር መመለሻ ኪራይ አለውና መላኪያው እጥፍ ይሆናል። ከካምፓኒ ካምፓኒ 41 ቁጥር አንድ አይደለም። ማታ፣ የሚጫወቱበትን ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዝን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲ ሜትር መለካት፣ ሻጩንም የውስጥ ሶሉን ርዝመት መጠየቅ።

ዋጋ ስትስማሙ «መላኪያ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። ከሱቁ እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ እስከ ባሕር ዳር፣ ማውረጃ፣ ከዚያ ባጃጅ፤ አራት ሒሳብ ነው። ሻጩ አንድ ቁጥር ሲጠራ የትኞቹን እንደያዘ በጽሑፍ ያስቀምጥ። አለበለዚያ ባሕር ዳር መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «አልተከፈለም» ሲል መከራከሪያ አይኖርም። የታሰረው ዕቃ ፎቶ፣ የአውቶቡሱ ታርጋና የረዳቱ ስልክ ከመኪናው መነሳት በፊት ይላክ። የተቀባዩ ስምና ስልክ በሁለት ጎን በማርከር ይጻፍ፤ አንዱ ጎን ይፋቃል።

የጣና ዳር ትምህርት ቤቶችና የሰፈር ቡድኖች በየፊናቸው ሁለት ሁለት ኳስ እያዘዙ ሙሉ ኪራይ ሲከፍሉ ማየት ያሳዝነኛል። ማስጫኛው፣ ማውረጃውና ባጃጁ ለአንድ ማዳበሪያም ለግማሽ ማዳበሪያም ያው ነው። ሦስት ቡድን አንድ ላይ ቢያዝ የየድርሻው ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ በተረፈው መረብ ይገዛል። ዕቃው ወደ ዘጌ የሚሻገር ከሆነ ባሕር ዳር ላይ የሚረከብ ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። ያ ሰው እዚያው መናኸሪያ፣ ረዳቱ ሳይሄድ፣ ማዳበሪያውን ፈትቶ ይቁጠር፤ ጀልባ ላይ ከተጫነ በኋላ የጎደለ ኳስ የሚጠየቅለት ሰው የለም።