ያልተነበበው ውክልና

ዲቪ የደረሰው አብሮ አደጌ ትናንት ከደሴ ደወለልኝ። «የቤቱን ነገር እዚያ ስደርስ በኖተሪ ውክልና እልካለሁ፤ አሁን ምን አስቸኮለኝ?» ይላል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ደሴ ሸዋ በር ያለው የአባታችን ቤት ሊሸጥ ወንድሞቼ ተስማምተው፣ ስለ እኔ ድርሻ እናቴ እንድትፈርም ውክልና ተፈለገ። እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር፣ ባንኬ ገባሁ። ኖተሪዋ፣ ማለትም ፊርማ አረጋጋጯ ልጅ፣ መታወቂያዬን አየች፣ ፊቷ አስፈረመችኝ፣ ማኅተሟን መታች። 10 ደቂቃ አልፈጀም፤ ገንዘብም አልተቀበለችኝ። የተጻፈውን ግን አንድ መስመር አላነበበችም! የአሜሪካ ኖተሪ የሚመሰክረው የፈረምኩት እኔ መሆኔን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሹሙ አንብቦ፣ ሕግ ይፈቅዳል አይፈቅድም ብሎ መርምሮ ነው የሚያትመው። ያኔ የገባኝ ነገር የለም፤ ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው ብዬ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላክሁት።

እናቴ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ደሴ ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ሠራተኛው ወረቀቱን አገላበጠና «የኤምባሲው ማኅተም የታለ? ከየት ነው ያመጣሽው?» አላት፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። የሰፈሩ ዕቁብ ሰብሳቢ፣ ቃሏ እንደ ፊርማ የሚታመን ሴት፣ ፎርጅድ እንደያዘ ሰው ታየች። 3 ሳምንት ደበቀችኝ። ስጠይቃት «አብሽር ልጄ፣ ይደርሳል» ትለኛለች። የነገረችኝ እህቴ ናት። ዛሬም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጉድለቱ ደግሞ የማኅተም ብቻ አልነበረም። «ማንኛውንም ጉዳዬን ትፈጽምልኝ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ሁሉን የሚጠቀልል መስሎኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም ይላል፤ ለዚያ በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «መሸጥ» የሚለው ቃል ራሱ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ውክልናህን እዚያው ደሴ ሳለህ ስጥ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ስም ማዛወር እያልክ ዘርዝረው። የልደትና የጋብቻ ወረቀትህ የኖተሪ ጉዳይ አይደለም፤ ከወሳኝ ኩነት አውጥተህ ዋናውን ያዝ። እዚህ ከመጣህ በኋላ ከሆነ አጭሩ መንገድ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በአካል ቀርቦ መፈረም ነው። በኖተሪ ከጀመርክ ከግዛቱ መንግሥት ወደ አሜሪካ ፌዴራል የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ወደ ኤምባሲያችን ይዞርብሃል። በየትኛውም ብትልከው በአገራችን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳይረጋገጥ ደሴ አይሠራም። ደግሞ አደራ፣ እዚህ ኖተሪ ማለት ጠበቃ አይደለም፤ የኢሚግሬሽን ፎርም ልሙላልህ የሚልህን አትስማ።

በሁለተኛው ዙር ዋሽንግተን ድረስ በርሬ ፈረምኩ። እህቴ ውጭ ጉዳይ አስጨርሳ ላከችላት። እናቴ ሐረጎን እንደገና ወጣች። ከዚያው ቢሮ ወጥታ በር ላይ ቆማ ደወለችልኝ፤ «አነበቡት ልጄ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት» አለችኝ።