የምስጋናው ማስታወቂያ

በ2008 ማብቂያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሰሜን ቨርጂኒያ የዲትሮይት (የትላልቆቹ የአሜሪካ መኪና አምራቾች) መኪኖችን በሚሸጥ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ከተግባሬ አንዱ የማስታወቂያ ወጪን ማስመለስ ነበር። ሻጩ ድርጅት በአካባቢው ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ ማስታወቂያ ያስነግራል፤ የወጣበትን ገጽና ደረሰኙን ለፋብሪካው ይልካል፤ ፋብሪካውም መመሪያው መጠበቁን አይቶ ከወጪው የተወሰነውን ይመልሳል። ስለዚህ መኪና አምራቾቹ ለማስታወቂያ የሚያወጡት ገንዘብ በዋሽንግተን መነጋገሪያ በሆነበት ወቅት፣ ጉዳዩ ለእኔ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረ የዕለት ሥራ ነበር።

በኖቬምበር በገንዘብ ቀውስ የተያዙት የጄኔራል ሞተርስ፣ የፎርድና የክራይስለር መሪዎች ከመንግሥት 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ለመጠየቅ በየግል አውሮፕላናቸው ዋሽንግተን ገብተው ምን ያህል እንደተወቀሱ የማያስታውስ የለም። ጄኔራል ሞተርስ ከ2009 የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ) ማስታወቂያ እንደሚወጣ አስቀድሞ አስታውቆ ነበር፤ ከጎልፍ ተጫዋቹ ከታይገር ዉድስ ጋር የነበረውንም ውል በዚያው ኖቬምበር ለማቋረጥ ተስማማ። ከዚያ በዲሴምበር 8 አውቶሞቲቭ ኒውስ በተባለው የሙያው ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ገዝቶ፣ የመኪኖቹ ጥራት ከደረጃ በታች እንዲወርድ በማድረግ የሕዝቡን እምነት እንዳጓደለ ተናዘዘ። ጋዜጣውን በዋነኛነት የሚያነቡት ሻጮችና ዕቃ አቅራቢዎች በመሆናቸው፣ ኑዛዜው ለመኪና ገዢ ሳይሆን ለኮንግረስ የተጻፈ መሆኑ ግልጽ ነበር። አለቃዬን ያስቆጣው ግን ሌላ መስመር ነው፤ ኩባንያው ከጥፋቶቹ መካከል የመኪና ስያሜዎቹንና የሻጮቹን ቁጥር ከልክ በላይ ማብዛቱን ጠቅሷል። «ይቅርታ ሲጠይቁ እኛንም ከኃጢአታቸው ቆጠሩን» ብሎ ጋዜጣውን ወረወረው።

ሴኔቱ የብድሩን ሕግ ሳያሳልፈው ቀረ። ፕሬዚዳንት ቡሽ በዲሴምበር 19 ለባንኮች መታደጊያ ከተፈቀደው ገንዘብ ላይ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ለጄኔራል ሞተርስና ለክራይስለር እንዲሰጥ ወሰኑ። ክራይስለርም ወዲያው አሜሪካን የሚያመሰግን ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ በታላላቅ ጋዜጦች ላይ አወጣ። አለቃዬ ይህን ሲያይ እኛም በአካባቢው ጋዜጣ ተመሳሳይ ምስጋና እንድናወጣ ወሰነ። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም፤ ዝም ካልን ሰው ተዘግተዋል ብሎ እንደሚያስብና፣ የተዘጋ መስሎ የሚታይ መሸጫም ውሎ አድሮ መዘጋቱ እንደማይቀር ያምን ነበር። የገጹን ናሙና ከነባንዲራው አሠርቶ ሠራተኛው እንዲያየው በደንበኞች መቀበያ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

መኪናቸውን ለጥገና ያመጡ አንድ የአገራችን ሰው፣ በታክሲ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ አዛውንት፣ ናሙናውን ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ገጽ በማን ገንዘብ ነው የሚታተመው?»

«ከፊሉን እኛ፣ ከፊሉን ፋብሪካው ይከፍላል፣ ጋሼ።»

«ፋብሪካውስ ከማን አገኘው?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። «ምስጋና ለሰጠ ሰው ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ የመረጥኳቸውም አላጸደቁትም። ይልቅ ኩባንያው ቢከስር የመኪናዬ ዋስትና ምን ይሆናል? እሱን የሚነግረኝ ወረቀት የታለ?»

ይህን ለአለቃዬ ቃል በቃል ነገርኩት፤ መጀመሪያ አልተቀበለኝም። በኋላ ግን የጥገና ክፍሉን ኃላፊ አስጠርቶ ሲጠይቀው፣ ደንበኞች ሁሉ የሚያነሱት ያንኑ የዋስትና ጥያቄ መሆኑን ሰማ። ችግሩ በፋብሪካው ስም ዋስትና ልንሰጥ አለመቻላችን ነበር፤ ተስፋ ልንሰጥ የምንችለው በእጃችን ስላለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉው ገጽ ወደ ሩብ ገጽ ወረደና ባንዲራውም ምስጋናውም ወጥቶ፣ የጥገና ክፍላችን በሥራ ላይ መሆኑን፣ መለዋወጫ በመጋዘን መኖሩን፣ መካኒኮቹም የቀድሞዎቹ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ተተካ። የመኪና ሥዕል ስላልነበረበት የፋብሪካውን መመሪያ አላሟላም፤ ወጪውን በሙሉ ራሳችን ቻልነው። አለቃዬ ቼኩን የፈረመው እያጉረመረመ ነው።

በጃንዋሪ 2009 ሁንዳይ መኪና ገዝቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ገቢውን ያጣ ሰው መኪናውን መመለስ እንደሚችል አስተዋወቀ። በዚያ ወር የአሜሪካ የመኪና ገበያ ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወር በ37 በመቶ ሲያሽቆለቁል የሁንዳይ ሽያጭ በ14 በመቶ ጨመረ። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም የገዢውን ስጋት ስሙን ጠርቶ የተናገረ ማስታወቂያ ያ ነበር። የዲትሮይቶቹን ደንበኞች ጥያቄ የመለሱት ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦባማ ናቸው፤ በማርች 30 ባደረጉት ንግግር የጄኔራል ሞተርስንና የክራይስለርን ዋስትና ከዚያን ዕለት ጀምሮ መንግሥት እንደሚቆምለት አስታወቁ። በማግስቱ ስልካችን ላይ ስለ ዋስትና የሚጠይቅ ሰው በግልጽ ቀነሰ። ለዚህ አንድም የማስታወቂያ ደረሰኝ አልመጣም።

ክራይስለር በኤፕሪል 30 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ፣ በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ 134 ሚሊዮን ዶላር ለማስታወቂያ ለማውጣት አቅዶ ነበር፤ የመኪና ኩባንያዎቹን መታደግ የሚከታተለው የመንግሥት ግብረ ኃይል ግማሹን ቆረጠው። በእኔ እይታ ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በመጠኑ ላይ ነው። የከሰረ ኩባንያ ጭርሱን ዝም ይበል ማለት አይቻልም፣ መኪናው ካልተሸጠ ብድሩ አይመለስምና፤ ነገር ግን የቀረው ግማሽ ገንዘብ ለገዢው ምን ይንገረው የሚለውን ጥያቄ መቀስ አይመልሰውም።

በኤፕሪል 2010 የጄኔራል ሞተርስ ሊቀመንበር ኤድ ዊታከር በቴሌቪዥን ቀርበው ኩባንያው የመንግሥትን ብድር ከነወለዱ፣ ከጊዜው አምስት ዓመት ቀድሞ እንደከፈለ አበሰሩ። ብድሩ ተከፍሏል፤ የተከፈለው ግን ከዚያው ከመታደጊያው ገንዘብ ተቀምጦ ከነበረ ሒሳብ ነው፤ መንግሥትም በቀሪው የመታደጊያ ገንዘብ ምትክ የያዘው ከ60 በመቶ በላይ የኩባንያው አክሲዮን ገና በእጁ ነበር። ሴናተር ቻርልስ ግራስሊ ይህንኑ አንስተው ነቀፉ። ከሻጮቻችን አንዱ ቃሉን በአካባቢያችን ማስታወቂያ እንድንደግመው ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አለቃዬ «ስለ አክሲዮኑ ለሚጠይቀኝ ደንበኛ መልሱን አንተ ትሰጣለህ?» አለውና ወደ ጥገና ክፍሉ የወሩ ማስታወቂያ አለፈ።