ጠረጴዛዬ ላይ ያረፈችው መንኮራኩር

ደብረ ብርሃን ዛሬ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እኔ ጋቢዬን ደርቤ የልጅነት ሕልሜን ስገጣጥም ዋልኩ፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የጠፈር መንኮራኩር መቆጣጠሪያ ክፍል።

አካሏ የጫማ ካርቶን ነው። አንጎሏ አርዱይኖ ናኖ፤ ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ስክሪኗ ከ1 ኢንች ያነሰች ኦሌድ (ነጥቦቿ በራሳቸው የሚያበሩ ስክሪን) ናት፤ 128 በ64 ነጥብ ብቻ። ለእያንዳንዷ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገታ 220 ኦም ሬዚስተር ሰጠኋት፤ ያለዚያ ትቃጠላለች።

ስክሪኗ ግን አልበራም አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮዱን ሳገላብጥ ቆየሁ። ለካ ከናኖዋ ወደ ስክሪኗ የሚሄዱት የዳታው (መረጃ የሚያደርሰው) እና የክሎኩ (ምቱን የሚጠብቀው) ሽቦ ተቀያይረዋል! ዳታው ናኖዋ ላይ ኤ4 በሚባለው፣ ክሎኩ ኤ5 በሚባለው እግር ነበር መግባት የነበረባቸው። አስተካከልኳቸው። ልክ እማዬ ቡና ይዛልኝ ስትገባ ስክሪኗ ቦግ አለች። «ውይ፣ ስታምር!» አለችኝ።

ከሁሉም የአየር ግፊት መለኪያዋን ወደድኳት። ባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 1013 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። የእኔዋ 728 አለች። ከፍ ባልን ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው እኮ የምንኖረው! «የውጭ ግፊት 728» የሚለው በሰማያዊ ብርሃን ሲመጣ ቤታችን ራሱ ከደመና በላይ የሚንሳፈፍ መሰለኝ።

አሁን የክፍሉን መብራት አጥፍቼ እያየኋት ነው። መተኛት አልቻልኩም።