ሩሯን ታመጣልን የነበረችው እህቴ እና የዊስኮንሲን ልጆች

ውድ ወዳጆቼ፣ በአገር ቤትም በባሕር ማዶም ያላችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ጾሙን በሰላም ያስፈጸመን አምላክ በዓሉንም ከቤተሰቦቻችሁ ጋር በጤናና በፍቅር እንድታሳልፉት ይርዳችሁ። ዘንድሮ ከበዓሉ ሰላምታ ጋር ላካፍላችሁ የወደድሁት፣ ባለፈው መጋቢት ስለተጠናቀቀው የአንድ የሴት ተማሪዎች የበረዶ ሆኪ ቡድን የውድድር ዘመን ነው። ይህ ከገና ጋር ምን ያገናኘዋል ለምትሉኝ፣ ካደግሁበት ሜዳ ልጀምር።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ እኔ በተወለድሁበት መንደር፣ የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ የላይኛው ሰፈርና የታችኛው ሰፈር አዝመራው በተነሣለት ሜዳ ላይ ገና ለመጫወት ይወጡ ነበር። ዱላው የሚዘጋጀው ቀደም ብሎ ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ተፈልጎ ይቆረጣል፣ ካልተገኘም ቀጥ ያለው በእሳት እየተለበለበ ይጎበጣል። ሩሯም ከእንጨት ተጠርባ ትድቦለቦላለች። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ እያሉ ሽማግሌዎች ያጫውቱን ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም በዚያች ዕለት ሎሌው ከጌታው ጋር ትከሻ ለትከሻ ስለሚጋፋ ነው። ሎሌና ጌታ እኩል በሚሆኑበት በዚያ ሜዳ ላይ ግን ዱላ የያዘች ሴት ልጅ አይቼ አላውቅም።

በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ፣ ሩሯ ከሜዳ ወጥታ ቁልቋል ውስጥ በገባች ቁጥር ሮጣ እያመጣች ትወረውርልን ነበር። በመንደሩ ከነበሩት ልጆች ሁሉ፣ ከወንዶቹም ጭምር፣ እንደ እርሷ የሚሮጥ አልነበረም። በአንድ ገና ዕለት ሩሯን ይዛ ከተመለሰች በኋላ መወርወሩን ትታ መሬት ላይ አስቀመጠቻትና በማገዶ እንጨት ለጋቻት። ሩሯ የሜዳውን ወገብ አልፋ ሄደች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያም አንድ ትልቅ ሰው እንጨቱን ከእጇ ተቀብሎ ወደ እናታችን ጓዳ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ሩሯን ልታመጣልን አልወጣችም። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ከተማዋን የምታውቋት እንደምትመሰክሩት፣ እዚህ ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሁሉ ይረጋል፤ መናፈሻዎቹም ሜዳ ሜዳቸው ላይ ውኃ ፈስሶበት እንዲረጋ ይደረግና የሰፈር ልጆች በነጻ የሚንሸራተቱበት ይሆናል። አሥር ዓመት የሆናት ልጄ በሰው አገር በረዶ ላይ መቆም የተማረችው በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ፣ በውሰት ጫማ ነው። ዱላ ስትይዝ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ጫፉ ቆልመም ያለውን ያንን ዱላ ለይቼ አውቄው ቆሜ ቀረሁ። ቁሱ ሌላ ነው፤ ሩሯም ፓክ የምትባል የጎማ ክብ ሆናለች፣ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት የምትቀዘቅዝ። ጨዋታው ግን ገና ነው።

ልጄ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ደጋፊ ስለሆነች፣ እ.ኤ.አ. የ2025 የአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር የመጨረሻ ጨዋታዎች በዚሁ በከተማችን፣ ሪደር አሬና በተባለው አዳራሽ እንደሚካሄዱ በተሰማ ጊዜ ቲኬት ገዛሁላት። የእርሷ ቡድን በግማሽ ፍጻሜው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቡድን 6 ለ 2 ተሸነፈ፤ መኪና ውስጥ እስከ ቤታችን አለቀሰች። የእሑዱ ቲኬት ግን በእጃችን ነበረና፣ የሚኒሶታን ሹራብ እንደለበሰች ፍጻሜውን ለማየት ሄድን። ዕለቱ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ደብረ ዘይት ነበር፤ ከቅዳሴ ወጥተን፣ በአገልግል የያዝነውን ሽሮ ፍትፍት መኪና ውስጥ በልተን ነው የገባነው።

ስለ ዊስኮንሲን ቡድን የውድድር ዘመን ጥቂት ልንገራችሁ። ከመስከረም ማገባደጃ እስከ መጋቢት በዘለቀው ወቅት 41 ጊዜ ተጫውተው 38 አሸነፉ፣ 2 አቻ ወጡ፣ የተሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሰልጣኛቸው ማርክ ጆንሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ የአሜሪካ ተማሪዎች የሶቪየትን ቡድን ባሸነፉበት ጨዋታ ሁለት ጎል ያገቡት እርሳቸው ነበሩ። ያንን የመሰለ ስም ይዘው ወደ ፈለጉበት ለመሄድ የሚችሉ ሰው፣ ከ2002 ጀምሮ የሴት ተማሪዎችን ማሠልጠን መርጠው ከሃያ ዓመት በላይ በዚያው መቆየታቸው በእኔ ዘንድ ከሜዳሊያቸው ይበልጣል።

በዚያ ዓመት ለምርጥ የኮሌጅ ሴት ተጫዋች የሚሰጠውን የፓቲ ካዝማየር ሽልማት ለማግኘት ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት ሦስቱም ተጫዋቾች ከዚሁ ከአንድ ቡድን ነበሩ፤ ኬሲ ኦብራየን፣ ሌይላ ኤድዋርድስና ካሮላይን ሃርቪ። ሽልማቱ የተሰየመላት ፓቲ ካዝማየር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተጫወተች ተከላካይ ስትሆን፣ በ1990 በ28 ዓመቷ በደም በሽታ ያረፈች ናት። ሽልማቱን የወሰደችው ኦብራየን ነች፤ በዚያ የውድድር ዘመን ያገባችው 26 ጎል ሲሆን፣ ለጓደኞቿ አመቻችታ ያቀበለችው ግን 62 ነው። እኔ ይህን ቁጥር እወደዋለሁ። ከሁሉ ትበልጣለች ተብላ የተመረጠችው ልጅ፣ ራሷ ካገባችው ከእጥፍ በላይ ሌሎች እንዲያገቡ አድርጋለች ማለት ነው።

ከተቀበሉት አንዷ ሌይላ ኤድዋርድስ ናት፤ 35 ጎል በማግባት በዚያ ዓመት ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆናለች። በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ሃይትስ ያደገች፣ ቁመቷ የሚያስደምም ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ በ2023 ለአሜሪካ ዋና የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በመሰለፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ ሲወጡ ልጄ ከመስታወቱ ጋር ተለጥፋ ቆማ ነበር። ኤድዋርድስ ከራስ ቁሯ ሥር የተጎነጎነ ጸጉሯ ወርዶ በአጠገባችን ስታልፍ፣ ልጄ ምንም ሳትናገር እጇን ወደ ራሷ ሹሩባ ሰደደች። አጠገቧ ቆሜ ስላየሁት ነው የምጽፈው፤ ከዚያን ዕለት ጎሎች ሁሉ አስቀድሞ የማስታውሰው እርሱን ነው።

ተጋጣሚው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። ሁለቱ በፍጻሜ ሲገናኙ በተከታታይ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ በ2023 ዊስኮንሲን 1 ለ 0፣ በ2024 ደግሞ ኦሃዮ ስቴት 1 ለ 0 አሸንፈዋል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን የቀደመውን ሐዘን በልቧ ይዛ ያልገባች ተጫዋች ጥቂት ናት። ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀር ኦሃዮ ስቴት 3 ለ 2 ይመሩ ነበር። የዊስኮንሲን አሰልጣኝ በረኛቸውን አስወጥተው ስድስተኛ አጥቂ አስገቡ፤ በኦሃዮ ጎል ፊት ለፊት ዱላና እግር ተጠላለፈ፣ ፓኳ ከሰው በታች ጠፋች፣ ፊሽካም ተነፋ።

በበረዶ ሆኪ ሕግ፣ ከበረኛዋ በቀር ማንም ተጫዋች በጎሉ ፊት በተሰመረው ክልል ውስጥ ፓኳን በእጁ መሸፈን አይችልም፤ ይህን ካደረገ ቅጣቱ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ጆንሰን ጉዳዩ በምስል ተደግሞ እንዲታይ ጠየቁ። ዳኞቹ ወደ ምስሉ ሄደው እስኪመለሱ ድረስ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጭንቀት፣ እንደ እኔ ለአንዱም ወገን ያልሆነውን ሰው እንኳ የሚያስጨንቅ ነበር። ከዚያም ዳኛው ወደ በረዶው መካከል ጠቆመ። ሰዓቱ ላይ የቀረው 18.9 ሴኮንድ ነው።

ምቱን እንድትመታ የተላከችው ኪርስተን ሲምስ ትባላለች፤ የ2023ን ፍጻሜ በብቸኛ ጎሏ የቋጨችው ልጅ ናት። ፓኳ መሐል ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ፤ በዚያ ሁሉ ነጭ ስፋት ላይ አንዲት ወጣት ሴትና አንዲት በረኛ ብቻ ቀሩ። ሕዝቡ ዝም ከማለቱ የተነሣ የጫማዋ ስለት በረዶውን ሲፍቅ ይሰማ ነበር። አገባች። ሦስት ለሦስት ሆኑ። በጭማሪው ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፋልና፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲምስ ደግማ አገባች፤ ዊስኮንሲን ለስምንተኛ ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ከአሸናፊዎቹ ጩኸት ማዶ የኦሃዮ ልጆች በረኛቸውን ከበው ተንበርክከው ነበር። ልጄ፣ አርብ ዕለት ራሷ ያለቀሰችው ልጅ፣ ወደ እነርሱ እያየች፣ «አባዬ፣ እነሱም እኮ ጥሩ ተጫውተዋል» አለችኝ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ግድግዳውን ቀና ብዬ አየሁት። ሪደር አሬና በ2002 ሲከፈት በአሜሪካ ለሴቶች የኮሌጅ ሆኪ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው አዳራሽ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከወንዶቹ የተረፈ ሰዓት ተለምኖ የሚገባበት አይደለም፣ መሠረቱ ሲጣል ጀምሮ የሴት ልጆች ተብሎ የታሰበ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ ምክንያት ማንንም ማግለል እንደማይችል የደነገገው፣ ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ የወጣው በ1972 ነው፤ የኮሌጆች ማኅበር የመጀመሪያውን የሴቶች በረዶ ሆኪ ሻምፒዮና ያዘጋጀው ግን በ2001 ነው። በሕጉና በዋንጫው መካከል 29 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት መጫወት እየቻሉ ሜዳ ያላገኙ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ሳስብ፣ ሐሳቤ ከሚኒሶታ ወጥቶ ወደዚያ ወደ ቁልቋሉ ሥር ይሄዳል። ሲምስ ያገባቻት ያቺ ጎል በ18.9 ሴኮንድ ውስጥ የተገኘች ትመስላለች እንጂ፣ ሕጉን ያወጡ፣ አዳራሹን የሠሩ፣ ንጋት ላይ ልጆቻቸውን ወደ ልምምድ ያመላለሱ ሰዎች ሁሉ እጅ አለባት። እህቴ ጉልበትም ፍጥነትም ነበራት፤ የጎደላት ዱላ የሚያቀብላት ሰው ነበር፤ ያ ሰው እኔ ልሆን እችል ነበር።

በማግስቱ አገር ቤት ደውዬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። ስለ ጎሉ ብዙም አልጠየቀችኝም። «ልጅህ ሩሯን ትለጋለች ወይስ ለሌሎቹ ነው የምታመጣው?» አለችኝ። እንደምትለጋ ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «እንግዲያው እጇን እንዳይበርዳት ጓንቲ ግዛላት» አለች። ያኔ አፍ አውጥቼ፣ «እትዬ፣ ያን ዕለት በመሳቄ ይቅር በዪኝ» አልኋት። እርሷም፣ «ሩሯ የት እንደደረሰች ታስታውሳለህ?» ብላ መለሰችልኝ። አስታውሳለሁ አልኋት፤ የሜዳውን ወገብ አልፋ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር።

ሰሞኑን ለሚላኖው የክረምት ኦሊምፒክ የአሜሪካ ቡድን ሲታወቅ፣ ኤድዋርድስ፣ ሃርቪና ሲምስ ሦስቱም ስማቸው ተጠርቷል። ልጄ ስማቸውን በአማርኛ ፊደል ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች፤ የኤድዋርድስን «ድ» ሁለት ጊዜ ሰርዛ ነው ያስተካከለችው። እኔ ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ፣ ጎረቤታችን ከግቢው የቆረጠውን የዛፍ ቅርንጫፍ ለምኜ፣ ምድጃ ላይ እያሞቅሁ በልጅነቴ እንዳየሁት ሳጎብጥ ሰንብቻለሁ። አንዱ ተሰነጠቀብኝ፤ ሦስቱ ግን በደንብ ወጥተዋል።

በዓሉ ረቡዕ፣ የሥራና የትምህርት ቀን ላይ ስለዋለ፣ እኛ ሌሊቱን ቅዳሴ አድረን፣ ጠዋት ዶሮ ወጡን ቀምሰን፣ ጨዋታውን ለቅዳሜ ከሰዓት አሳድረነዋል። በዚህ ከተማ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ የምንጫወትበትን መናፈሻ ታውቁታላችሁና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቡና በፔርሙስ፣ ድፎ ዳቦም ይኖራል። የበረዶ ጫማ የሌለው በክረምት ቡትስ መሮጥ ይችላል። ሴቶች ልጆቻችሁን ከእነ ጓንቲያቸው አምጧቸው፤ የመጀመሪያዋን ሩር የሚለጉት እነርሱ ናቸው፣ ከሜዳ የወጣችውን ደግሞ እኔ ሮጬ አመጣለሁ። እህቴም በስልክ ምስል ልታየን ቃል ገብታለች፤ በእርሷ በኩል ሌሊት ስለሚሆን፣ ከመተኛቷ በፊት እንድትደርስባት በስምንት ሰዓት እንጀምር።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።